125 ብለው የመለሱት

ዛሬ ማታ ኮምፒውተሬን ከመዝጋቴ በፊት፣ ለነርስ ተማሪዎች ባዘጋጀሁት የኦንላይን ኮርስ ውስጥ ያለ የአንድ ጥያቄ መልሶችን ተመለከትኩ። በዚህ ሳምንት ጥያቄውን ከሠሩት ተማሪዎች 11ዱ «125» የሚለውን መርጠዋል። መልሱ ስህተት ነው። እኔ ግን ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ ሳልረሳው ላስፍረው።

ጥያቄው ይህ ነው፦ 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር እንዲሰጥ ታዟል። የመስጫ ቱቦው 1 ሚሊ ሊትር የሚያወርደው በ20 ጠብታ ነው። በደቂቃ ስንት ጠብታ ይውረድ? 1000ን በ20 አባዝቶ ለ480 ደቂቃ ማካፈል ነው፤ 42 ገደማ ይመጣል። 125 ያለ ተማሪ 1000ን ለ8 አካፍሎ እዚያው ቆሟል። በሰዓት የሚገባውን ሚሊ ሊትር በትክክል አግኝቷል፤ የተጠየቀው ጠብታ መሆኑን፣ ያውም በደቂቃ መሆኑን ግን ዘንግቷል። ይህ ተማሪ መንገዱን ጀምሯል፤ የት ላይ እንደቆመም አውቃለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ይህን አላውቅም ነበር።

ያኔ ለነርስ ተማሪዎች የመድኃኒት ስሌት ከሃያ ዓመት በላይ በክፍል ያስተማሩ አንዲት መምህርት ዘንድ ተላክሁ። ሥራዬ የእሳቸውን ትምህርት ወደ ኦንላይን ኮርስ መለወጥ ነበር። አራት ሰርተፍኬት ነበረኝ፤ አዲ የሚባለውንም የንድፍ ሞዴል በቃሌ እወጣው ነበር፦ ትንተና፣ ንድፍ፣ ዝግጅት፣ ትግበራ፣ ግምገማ። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1975 በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ ጦር ሥልጠና የተሰናዳ ነው፤ እስከ ዛሬም የሙያችን መነሻ እሱ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ትንተናውን፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። ስላይዶቻቸውን ተቀበልኩ፣ የትምህርት ዓላማዎቹን ጻፍኩ፣ አለቀ። ክፍላቸው ገብቼ አላየሁም። አንድም ተማሪ አላነጋገርኩም።

የመጀመሪያው ቀረጻ ቀን ትዝ ይለኛል። መምህርቷ ካሜራው ፊት ቆመው አምስት ደቂቃ ያህል ከተናገሩ በኋላ ድንገት ዝም አሉ። ጠመኔ እንደያዘ ሰው እጃቸውን አንስተው፣ መልሰው አወረዱት።

«ልጄ፣ ማንን ነው የማስተምረው?» አሉኝ።

«ካሜራውን እንደ አንድ ተማሪ ያስቡት» አልኳቸው። በሥልጠና የተማርኩት መልስ ነበር።

«ተማሪ እኮ ሳይገባው ግንባሩን ይቋጥራል። ይሄ ምኑን ይቋጥርልኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ቀረጻውን ቀጠልን። 47 ደቂቃ የፈጀ ቪዲዮ ወጣው።

የመጀመሪያው ዙር ኮርስ አልተሳካም። አብዛኞቹ ተማሪዎች ያንን ቪዲዮ ሳይጨርሱ ቀሩ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ጥቂቶች በማጠቃለያው ፈተና ጥሩ ውጤት አመጡ፤ እኔም በሪፖርቴ ላይ የእነሱን አማካይ ውጤት ጽፌ ኮርሱ ግቡን መትቷል አልኩ። ይህን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም፤ ጥለው የሄዱትን ግን ደብቋል።

ከቀሩት አንዷ ተማሪ ለምን እንዳቆመች ስጠይቃት የጻፈችልኝን እስከ አሁን አስቀምጬዋለሁ፦ «መምህርቷ ሲሠሩት ሳይ ሁሉም ግልጽ ነው። ብቻዬን ስሆን ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅም።»

ነገሩን በንባብ አውቀዋለሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ አስታውሰው ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት፣ ደግመው ከማንበብ ይልቅ ከአእምሯቸው ለማውጣት የታገሉት ናቸው። ማየትና ማንበብ «ገብቶኛል» ያሰኛል፤ እውቀቱን የሚያጸናው ራስን መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውንም፣ ኢድኤክስ በሚባለው የኦንላይን ኮርሶች መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን የመረመረውን ጥናት አውቀዋለሁ፤ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም የተመልካቾቹ መካከለኛ ቆይታ ከ6 ደቂቃ እንደማያልፍ ያሳየውን። ሁለቱንም እያወቅሁ 47 ደቂቃ ቀረጽኩ። ማወቅና መሥራት በእኔ ዘንድ እንዲህ ተራርቀው ይኖሩ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት ቪዲዮውን ስምንት ቦታ መቆራረጥ ነው። ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ስድስት ደቂቃን እንደ ሕግ ይይዙታል። እኔ በበኩሌ መቆራረጡ ብቻውን ያመጣውን ለውጥ አላየሁም። ያቺ ተማሪ የቸገራት ርዝመቱ አልነበረም። ብቻዋን እርሳስ አንስታ ስትጀምር አጠገቧ የሚቆም ሰው አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ ነው መምህርቷን ክፍልዎ ልግባ ብዬ የለመንኳቸው። ሦስት ቀን ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ያገኘሁትን ከአራቱ ሰርተፍኬቶች አላገኘሁትም።

ብዙም አያስረዱም። ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ይጽፉና በወንበሮቹ መሃል ይዞራሉ። የአንዱን ደብተር ከላይ ያዩና «125 ምንህ ነው? ጠብታ ነው ወይስ ሚሊ ሊትር?» ብለው ያልፋሉ። ልጁ ደብተሩን ትንሽ አፍጥጦ ያየዋል፤ ከዚያ እርሳሱ ይንቀሳቀሳል። ሌላዋ 2500 ጽፋለች። «በደቂቃ 2500 ጠብታ! ቆጥረሽ ልትጨርሺው ትችያለሽ?» ሰዓቱን ወደ ደቂቃ አለመለወጧን ራሷ ታገኘዋለች። 2 ብሎ የጻፈውን ደግሞ «ይሄ ቱቦ ጠብታው ስንት ነበር?» ይሉታል። «ተሳስተሃል» ሲሉ አንድ ጊዜም አልሰማሁም። መልሱንም አይናገሩም።

ማታ ማታ ተቀምጠን መዘገብን። ሃያ ዓመት ሙሉ ያዩአቸውን የተሳሳቱ መልሶች አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ለእያንዳንዱ ተማሪው ምን አስቦ እንደሆነ፣ እሳቸውም ምን ብለው እንደሚጠይቁት ጭምር። እኔ ቀድሞ የምርጫ ጥያቄ ሳወጣ የተሳሳቱትን አማራጮች የምሞላው በዘፈቀደ ነበር፦ 38፣ 45፣ 50። እንዲህ ያለ አማራጭ የመረጠ ተማሪ ምን እንዳሰበ ማንም ሊያውቅ አይችልም። አሁን 125፣ 2500 እና 2 ገቡ። እያንዳንዱን ሲመርጡት የሚመጣው ግብረ መልስም የመምህርቷ ጥያቄ ነው፤ በራሳቸው ድምፅ፣ አሥር ሰከንድ የማይሞላ።

የርቀት ትምህርት ምሁሩ ማይክል ሙር በመምህርና በተማሪ መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር የሚለካ አይደለም ይላል፤ የሚወስኑት የንግግሩ መጠን፣ የኮርሱ አወቃቀርና የተማሪው ራሱን መምራት መቻል ናቸው። ቃሉን ለፈተና አጥንቼው ነበር። የገባኝ የመምህርቷን «125 ምንህ ነው?» ኮርሱ ውስጥ ሳስገባ ነው።

የቀረው ሥራ መቀነስ ነበር። ስላይድ ላይ ያለውን ቃል በቃል የሚያነብ ድምፅ አወጣሁ፣ ጌጥ የነበሩትን ሥዕሎች አጠፋሁ። ንግግሩን በቪዲዮው ግርጌ የሚያሳየውን ጽሑፍ አልነካሁትም፤ መስማት ለማይችሉ ጌጥ አይደለምና።

የመወያያ መድረኩ ግን ለብቻው ያስቸገረኝ ነገር ነው። «አንድ ሐሳብ ጻፉ፣ ለሁለት ሰው መልስ ስጡ» የሚል ግዴታ አስቀምጬ ነበር። የተገኘው «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እስማማለሁ» ብቻ ነው፤ ገጽ ሙሉ። ተማሪዎቹን አልወቅስም። የጠየቅሁት ጥያቄ የሚያወያይ አልነበረም። በአዲሱ ዙር ትእዛዙን ቀየርኩት፦ የተሳሳታችሁትን አንድ ስሌት አምጡና የት ላይ እንደሳታችሁ ንገሩን። ለአራት ቀን ማንም አልጻፈም። ስህተቱን በአደባባይ ለማሳየት ማን ይቸኩላል?

በአምስተኛው ቀን መምህርቷ ራሳቸው ጻፉ። አዲስ ነርስ ሳሉ፣ ከነጥቡ በፊት ዜሮ ሳይቀመጥ የተጻፈ ግማሽ ሚሊ ግራም ትእዛዝ 5 ብለው አንብበው መድኃኒቱን አዘጋጅተው ነበር። ዐሥር እጥፍ ማለት ነው። አብራቸው ተረኛ የነበረች ነርስ ደግማ ስታሰላ ደረሰችበት፤ በሽተኛው ምንም አልሆነም። «ከዚያ ቀን ወዲህ 0.5 ስጽፍ ዜሮዋን ጠበቅ አድርጌ ነው የምጽፋት» ብለው ጨረሱ። ይህን ታሪክ ለእኔ እንኳ ነግረውኝ አያውቁም ነበር። በዚያው ምሽት ሰባት ተማሪዎች ጻፉ።

ስለ ሙያ እድገት ሲጠየቅ ቀድሞ የወሰድኳቸውን ሥልጠናዎች ነበር የምቆጥረው። ሥልጠና መውሰዴን አላቆምኩም፤ ሞዴሎቹም ጠቅመውኛል፣ ያየሁትን በስም እንድጠራው ረድተውኛል። አሁን ግን አንድ ደብተር አለኝ። በግራ ገጽ «ተማሪው እንዲህ ያደርጋል ብዬ ገምቼ ነበር» እላለሁ፤ በቀኝ ገጽ ያደረገውን እጽፋለሁ። የሁለቱ ገጾች ልዩነት አንዳንድ ሳምንት በጣም ሰፊ ነው። ዘንድሮ የቀየርኩት ነገር ሁሉ ከዚያ ደብተር የመጣ ነው።

መምህርቷ ዛሬ ማታ ደወሉ። በየሳምንቱ ይደውላሉ።

«125 ያሉት ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ።»

«ከዚያስ?»

«ጥያቄዎን ከሰሙ በኋላ ዘጠኙ የሚቀጥለውን በትክክል ሠርተዋል።»

«ሁለቱስ?»

ሁለቱን አላየኋቸውም ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ ገጻቸውን ከፈትኩ። አንደኛው ድምፁን እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ ደግሞ ሰምቶ፣ መልሶ 125 መርጧል። ሁለተኛዋ ድምፁን አልከፈተችውም። ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «እሷ ምናልባት ሰው መሃል ሆና ይሆናል የምትሠራው፤ በጽሑፍም አድርጊላት። ለልጁ ግን ቁጥር ሳይሆን ሥዕል ነው የሚያስፈልገው፤ ጠርሙሱንና ቱቦውን ሣይለት» አሉኝ።

ለልጅቷ ጽሑፉን አሁን ጨምሬዋለሁ። ሥዕሉን ጀምሬ ጠርሙሱ ላይ ደርሻለሁ፤ ጠብታዎቹን ጠዋት እሥላለሁ።