ቀበቶዬ በትሪ ላይ

ሰው ባህር ማዶ ሲሄድ ሙዚየም ያያል፣ ድልድይ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እኔ ጊታር ቤት እገባለሁ። እህቴ ይሄን ጠባዬን ስለምታውቀው ገና አውሮፕላን ውስጥ እያለን ነው ቃል ያስገባችኝ። «ወንድምዬ፣ ቶኪዮ ላይ አንድ ጊታር ቤት። አንድ! ከዚያ በኋላ እኔ የምልህ ቦታ ነው የምንሄደው።» እሺ አልኳት። ኦቻኖሚዙ ስለሚባለው ሰፈር ትንፍሽ አላልኩም።

ጊታር የሚነካ ሰው ኦቻኖሚዙን ሳያየውም ያውቀዋል። ከባቡር ጣቢያው ወጥታችሁ በሜይጂ ዩኒቨርሲቲ በኩል ቁልቁል ወደ ጂምቦቾ የሚወርደውን መንገድ ስትይዙ፣ በግራ ጊታር፣ በቀኝ ጊታር፣ ቀና ስትሉ ደግሞ ፎቁ ላይ ጊታር ነው። እህቴ የፈለገችው ታች ጂምቦቾ ያሉትን የአሮጌ መጽሐፍ ቤቶች ነበር። መንገዱን እስከ ታች አየችው። ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«አንድ ተባብለን አልነበር?»

«አንድ መንገድ ነው እኮ።»

አልሳቀችም።

ልብ በሉልኝ፣ እኔ ጊታር ቤት ስገባ የምፈልገው ማንም እንዳያየኝ ነው። ለንደን ዴንማርክ ስትሪት ላይ ደስ ያለኝም ይኸው ነበር። ገባሁ፣ ሻጩ ስልኩን ያያል፣ ጊታሩን ራሴ ከግድግዳ አወረድኩ፣ ጥግ ይዤ ነካካሁ፣ መለስኩ፣ ወጣሁ። ማንም ማንንም አላስቸገረም። ምክንያቱም እኔ ቤቴ ስሆን ሌላ ሰው ነኝ። ቤቴ ሶሎ እጫወታለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ክር እስባለሁ፣ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። የሱቅ ጊታር የያዝኩ ዕለት ግን የተማርኩት ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል። ጣቶቼ የሚያስታውሱት ጀማሪ የሚማራቸውን ኮርዶች፣ ጂ፣ ሲ እና ዲን ብቻ ነው። ዲውም አንዳንዴ ይቀራል።

ኦቻኖሚዙ ላይ ደግሞ አለመታየት የሚባል ነገር የለም። በሩን ስትገፉ የቤቱ ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ድምፅ ሰላም ይላችኋል። ፎቅ በወጣችሁ ቁጥር ዋጋው አብሯችሁ ይወጣል፣ የሰላምታውም ጎንበስ ማለት ዝቅ እያለ ይሄዳል። መጨረሻው ፎቅ ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ የሚያወራው በሹክሹክታ ነበር። የዋጋ ወረቀቶቹ ላይ ያሉትን ዜሮዎች መቁጠር ጀመርኩና መሀል ላይ ተውኩት።

እሷን ያየኋት እዚያ ነው። ስትራቶካስተር፣ ፌንደር የሚባለው ጊታር ሠሪ ኩባንያ ኤሌክትሪክ ጊታር። ክንድ በሚያርፍበት በኩል ቀለሟ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ብረቷ ዝጓል። አንገቷ ጀርባ ላይ ቫርኒሹ አልቆ እንጨቱ በእጅ ላብ የጠቆረ ይመስላል። ይቺ ስንት መድረክ አይታ ይሆን ብዬ ልቤ ተነካ። ጠጋ ብዬ ወረቀቱን ሳነበው ለካ አዲስ ናት። የመጣችው ካሊፎርኒያ ካለው የፌንደር ከስተም ሾፕ፣ ልዩ ጊታሮች ከሚሠሩበት ክፍል ነው። ያስረጇት እነሱው ናቸው።

ለማታውቁት፣ ይሄ ነገር «ሬሊክ» ይባላል። ፌንደር እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እየሸጠው ነው። አዲስ ጊታር ይሠራል፤ ከዚያ ሆን ተብሎ ይፋቃል፣ ይላጣል፣ ብረቱ እንዲዝግ ይደረጋል። በተላጠ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። የተቀደደ ጂንስ ካልተቀደደው ይበልጥ ውድ እንደሆነው ማለት ነው። አየርላንዳዊው ጊታሪስት ሮሪ ጋላገር እኮ እ.ኤ.አ. የ1961 ስትራቶካስተሩ ቀለም የረገፈው ከ1963 ጀምሮ ላቡን እያፈሰሰባት ስለተጫወተ ነው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ዊሊ ኔልሰን የማርቲን ኩባንያ ጊታሩን በፒክ (በክር መምቻው) እየቦረቦረ ቀዳዳ ያወጣባት ዕድሜ ልኩን ተጫውቶባት ነው። አሁን ግን ላቡን ሌላ ሰው ያፈስልሃል፣ አንተ ካርድህን ታወጣለህ።

ስለ ጭረት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልናገር። ባለፈው ጉዞዬ የራሴን ጊታር አንድ አየር መንገድ (ስሙ ይቆይ) ከእነ ሻንጣው ጥሎ ጎኗን ላጠብኝ። ካሳ ስጠይቅ «ጥቃቅን ጭረት አይካስም» አሉኝ። ቢሮ ለቢሮ ተንከራተትኩ፣ ፎርም ሞላሁ፣ ፎቶ አያያዝኩ። በዚህ በሬሊክ ስሌት ከሄድን ጊታሬ ዋጋዋ ጨምሯል፤ እንዲያውም እኔ ነኝ ጨምሬ መክፈል የነበረብኝ። ደግነቱ ይሄን እነሱ አላሰቡትም።

ወደ ቶኪዮ ልመለስ። ጊታሯን ትንሽ ትኩር ብዬ ሳያት አንድ ወጣት ሻጭ ከየት መጣ ሳልለው አጠገቤ ቆመ። ልሞክራት እንደምፈልግ በእጄ አሳየሁት። መሰላል አመጣ። በሁለት እጁ አወረዳት። በጨርቅ ወለወላት። ቁጭ ብሎ ቃኛት፣ እንደገና ቃኛት፣ አምፕሊፋየር ላይ ሰካት፣ ድምፁን ለሕፃን እንቅልፍ በሚሆን ልክ አደረገው። በርጩማ አቀረበልኝ። እኔም ለእህቴ ስልኬን ሰጠኋትና «ስጫወት ቅረጪኝ፣ ለቤተሰብ ግሩፕ እንልካለን» አልኳት። እዚህ ላይ ብንቆም ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር።

ልጁ ወገቤን አየ። ጎንበስ አለ። እንደገና ወገቤን አየ። መጀመሪያ ዚፔ የተከፈተ መስሎኝ ደንግጬ ዳሰስኩት። ዝግ ነው። ልጁ በጣቱ የቀበቶዬን ዘለበት ጠቆመ፣ ከዚያ ጊታሯን ገልብጦ ጀርባዋን አሳየኝ። ይቅርታ የሚጠይቅ ፊት ነው ያለው። ገባኝ። ዘለበቴ እንዳይጭራት ነው።

እንዳይጭራት! እስቲ ጀርባዋን አብረን እንይ። ልክ ዘለበት በሚያርፍበት ቦታ ላይ መዳፍ የሚያህል ፍቅፋቂ አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደሞዝ ተከፍሎት የዘለበት ጭረት የሠራ ባለሙያ አለ ማለት ነው። ለዚያ ጭረት ከግማሽ ሚሊዮን የን በላይ ተለጥፎባታል። እኔ በነፃ ልጭርላት ስመጣ ቀበቶህን አውልቅ! ይሄን ሁሉ መናገር ፈልጌ ነበር። የተናገርኩት «እሺ» ነው።

ቀበቶዬን ፈታሁ። ልጁ ዞር ብሎ ከሒሳብ መቀበያው ላይ ገንዘብ የሚቀመጥባትን ያቺን ትንሽ ትሪ ይዞ መጣ። በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። ሂሳብ ክፈል የሚለኝ መስሎኝ ኪሴ ገባሁ። ራሱን ነቀነቀ። ቀበቶውን ነው። ጠቅልዬ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። እሱ አላረካውም። አስተካከለው። ዘለበቱ ወደ ፊት እንዲያይ አደረገ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አስገባ፣ ጎንበስ ብሎ ቀስ እያለ ወስዶ መስታወት ያለው ጠረጴዛ ላይ፣ መብራት ሥር አኖረው።

ያንን ቀበቶ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ቆዳው ተሰነጣጥቋል። ቀዳዳ አልበቃው ሲል ራሴ በሚስማር የበሳኋቸው ጠማማ ቀዳዳዎች አሉት። ዘለበቱ አንድ ወቅት ላይ የወርቅ ቀለም ነበረው ይባላል። ይሄ ዕቃ መብራት ሥር፣ በትሪ ላይ፣ ከእነዚያ ሁሉ ጊታሮች መሀል ተጎልቶ ያበራል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉና ቀበቶዬን በጥሞና አዩት። መነጽራቸውን አስተካክለው ደግመው አዩት። ዋጋውን እየፈለጉ ነው። በእግዜር፣ ዋጋውን እየፈለጉ ነበር! የሚገርመው ደግሞ አልተሳሳቱም፤ በዚያ ጥግ ላይ ማንም ሳያስረጀው ራሱን ችሎ ያረጀው እሱ ብቻ ነው። ሬሊክ ከተባለ ሬሊኩ የኔ ቀበቶ ነው።

ችግሩ ሱሪዬና ወገቤ የሚተዋወቁት በቀበቶው አማላጅነት መሆኑ ነው። ተቀምጬ ሳለሁ ምንም አልነበረም። ጂ መታሁ። ሲ መታሁ። ዲ እንደፈራሁት ቀረ። ሽማግሌው ከቀበቶው ቀና ብለው አዩኝ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ማዶ ቁጭ ብላ፣ ጣቶቿ እስከማይታዩ ድረስ እየሮጡ፣ ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ ትጫወታለች። እኔ እንደገና ጂ መታሁ። ይበቃል አልኩና ተነሳሁ። ልጁ ጎንበስ አለልኝ። እኔም አጸፋውን ለመመለስ ጎንበስ አልኩ።

ሱሪዬም አብሮ ወረደ።

ሁለቱም እጆቼ ጊታሯን ይዘዋል። ማንገቻ የላትም። ከለቀቅኳት ከግማሽ ሚሊዮን የን በላይ ወለል ላይ ሊወድቅ ነው፤ ያኔ የሚመጣው ጭረት ደግሞ በሬሊክ ሂሳብ እንደማይያዝልኝ አውቃለሁ። ሱሪውን ከለቀቅኩት... እሱማ ለቆኛል። ጉልበቶቼን ገጠምኩና ጊታሯን ሆዴ ላይ ለጠፍኳት። የፌንደር መሥራች ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ስትራቶካስተርን ሲያወጣ ጀርባዋ ለሆድ እንዲመች ተጎድጉዶ ነው የተሠራው፤ እውነትም ልክክ አለች። ከፊት ተሸፈንኩ። ግን ክሮቹን በክንዴ ስለደፈጠጥኳቸው አምፕሊፋየሩ አንድ ረጅም ጩኸት አወጣ። በሹክሹክታ የሚያወራው ፎቅ ሙሉ ዞረ።

እህቴ ደግሞ እዚያ ሀገር አማርኛ የሚሰማ የለም ብላ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች። «ኧረ ወንድምዬ ሱሪህ! ሱሪህን ሳበው! በኋላ በኩል!»

አማርኛውን የሰማ አልነበረም። ጣቷን ግን ሁሉም ተከተለ። ዩኒፎርም የለበሰችው ልጅ መጫወት አቆመች።

ልጁ፣ እግዜር ይስጠው፣ ምንም ያላየ መስሎ ጊታሯን ከእጄ ተቀበለና ጀርባውን ሰጠኝ። ሱሪዬን ሳብኩ። እንዲህ ሆኖ ደግሞ ባዶ እጅ መውጣት አይቻልም፤ አንድ እጄ ወገቤ ላይ እንዳለ ከመደርደሪያው አንድ እሽግ ክር አነሳሁ። ከፈልኩ። ከታክስ ነፃ ለመሆን ቢያንስ 5,000 የን መግዛት ነበረብኝ ተባልኩ። ክሩ የት ሊደርስ! ተዋርጄም 10 በመቶዋ አልተቀነሰችልኝም። ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

መንገዱ ላይ ብዙ ሳንርቅ ከኋላ የሩጫ ኮቴ ሰማን። ልጁ ነው። ያን ሁሉ ደረጃ ወርዶ፣ በሜይጂ ተማሪዎች መሀል እየተሹለከለከ ይመጣል። እጁ ላይ የሱቁ ስም ያለባት የወረቀት ከረጢት ይዟል። ቀበቶዬ ውስጧ ነው። በስስ ወረቀት ተጠቅልሏል፣ በፕላስተር ታሽጓል። በሁለት እጁ ሰጠኝና መንገዱ መሀል ላይ በጣም ዝቅ ብሎ ጎንበስ አለ። ተማሪዎቹ ቆመው ያያሉ። እኔ ምን ላድርግ? አንድ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ በሌላው ከረጢቱን ይዤ፣ በግማሽ ጎንበስ አልኩ። እሱ ይበልጥ ዝቅ አለ። እህቴ አሁንም እየቀረጸች ነው።

ለግሩፕ እንልካለን ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷም ላከችው። ሳልሰማ፣ ባቡር ውስጥ ሆና። አክስቴ የሳቅ ምልክት ደረደረች። የአጎቴ ልጅ ዲ የቀረችበትን ቦታ ብቻ ቆርጦ መልሶ ላከው። እማዬ ግን ቪዲዮውን አይታ ስታበቃ በድምፅ ነው የመለሰችው።

«ልጄ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ? ሱሪህ እኮ አልቆም አለ። እህትህ ትብላና አንተ ዝም ብለህ ታያታለህ? ያቺ ጊታር ደግሞ አሮጌ ናት፤ አታለው እንዳይሸጡልህ።»