በአርባ ዓመቴ ኮርቻ ላይ

አባዬ የእንጅባራ ሰው ናቸው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው። ጥር 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሳቸውን አስጊጠው ከደጅ ሲወጡ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። እኔ ግን በሰባት ዓመቴ ለትምህርት አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ገባሁ። ከዚያ ኑሮ ቨርጂኒያ ጣለኝ። አንድ ቀን እንኳ ፈረስ ላይ ሳልወጣ አርባ ሞላኝ።

ባለፈው ሐምሌ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ለአዋቂ ጀማሪዎች የሚሰጥ የአምስት ቀን የግልቢያ ካምፕ ገባሁ። ቦታው እዚያው ቨርጂኒያ፣ ሚድልበርግ አካባቢ ነው። ከአሌክሳንድሪያ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አገሩ በፈረስ የታወቀ ነው፤ መንገዱ ግራና ቀኙ አጥርና ግጦሽ ነው።

ሰኞ ጠዋት ስኒከር አድርጌ ሄድኩ። አሠልጣኟ አየችኝና የካምፑን ቦቲ አዋሰችኝ። ተረከዝ የሌለው ጫማ በእርካቡ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ሰው ቢወድቅ እግሩ እዚያው ተሰንቅሮ ይጎተታል። መሄድ ለምታስቡ ሁሉ ይህን አስቀድሜ እነግራችኋለሁ፦ ተረከዝ ያለው ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ በልክ የሆነ የፈረሰኛ ሄልሜት። የብስክሌቱ አይሆንም።

የደረሰችኝ ሮዚ የምትባል ዳማ ባዝራ ነች። ዕድሜዋ 19 ነው። የመጀመሪያው ቀን ግማሹ እሷን በማጽዳት አለፈ፤ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ፈረስ ከጀርባው ያለውንና አፍንጫው ሥር ያለውን አያይም። ስለዚህ በትከሻው በኩል፣ እያወሩ ነው የሚጠጉት። አበጠርኳት። ከዚያ ሰኮናዋ ላይ ደረስን።

እጄን ከትከሻዋ ጀምሬ በእግሯ ቁልቁል ሳንሸራትት፣ ታች ስደርስ ራሷ አነሳችልኝ። ውስጡ በጭቃና በሣር ተጠቅጥቋል። በሰኮና ማጽጃ መንጠቆ ከተረከዙ ወደ ፊት እየሳብኩ አወጣሁት። መሃሉ ላይ ሦስት ማዕዘን የመሰለ ለስላሳ ክፍል አለ፤ እሱን በሹል ነገር መውጋት አይገባም። ከጎኑ አንዲት የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ተሰክታ አገኘሁ። ቀስ ብዬ አወጣኋት። እሷን ሳላወጣ ኮርቻ ጭኜ ብሄድ ኖሮ ስንት ሰዓት ታነክስ እንደነበር አሰብኩ። ቅሬታዬ እዚያው ጠፋ።

ምሳ ሰዓት ላይ አባዬ ጋ ደወልኩ። እዚያ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። “አባዬ፣ ዛሬ ፈረስ ላይ ልወጣ ነው” ስላቸው፣ “ሰኮናዋን አየሽላት?” አሉኝ። አዎ በማለቴ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

ማክሰኞ በእርምጃ ብቻ ዞርን። ረቡዕ ግን ከበደ። አሠልጣኟ ፍጥነት ጨምሩ ስትል ሮዚ ከሥሬ ትዘል ጀመር። ደነገጥኩ። ወደ ፊት ጎበጥኩና በእግሬ ጨመቅኳት። ለእሷ ያ “ሂጂ” ማለት ነው። ባሰባት። ልጓሙን ስስብ ደግሞ አፏን አመማትና ራሷን ወረወረች። በአንድ ጊዜ ሂጂም ቁሚም እያልኳት ነበር። አሠልጣኟ ከሜዳው መሃል “ጋማዋን ያዢ፣ ተንፍሺ!” አለችኝ። ጋማዋን ይዤ፣ ቀና ብዬ፣ ትንፋሼን በረጅሙ ለቀቅኩት። ሮዚ ቀስ አለች። የፈራሁትን ነገር ያመጣሁት እኔው ነበርኩ፤ ያቆመውም የእኔው ትንፋሽ ነው።

ለአባዬ ስነግራቸው “ሶምሶማ ነዋ!” አሉኝ። ሶምሶማ ሰው ጠዋት በስፖርት ቱታ የሚሮጠው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፈረሱ ሁለት ምት ይመታል፤ በአንዱ ከኮርቻው ብድግ፣ በሌላው ቁጭ ማለት ነው። ከእሱ በላይ ያለው፣ ሦስት ምት ያለው፣ ደንገላሳ ነው። ሽምጥ ከሁሉ ይፈጥናል። አሠልጣኟ በእንግሊዝኛ ስትነግረኝ የከረመችውን ሁሉ አባዬ በስሙ ይጠሩት ነበር። “እኛ ደግሞ እርካቡን በአውራ ጣት ነበር የምንረግጠው” አሉ። ያን ቀን አርባ ደቂቃ አወራን። ከአባቴ ጋር በስልክ ይህን ያህል አውርተን አናውቅም።

ኀሙስ ጭኔ አሞኝ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ከመሄዴ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል እግሬን ባጠነክር ጥሩ ነበር። አርብ ግን ሶምሶማው ገባኝ፤ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት። በመጨረሻም የሜዳውን አንድ ጎን በደንገላሳ ሄድኩ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ልጓሙን አልሳብኩም።

ከዚያ ወርጄ ላቧን በውሃ አጠብኩላት፤ የኮርቻው ቅርጽ ጀርባዋ ላይ ቀርቶ ነበር።

ለጥር 23 እንጅባራ ለመድረስ ትኬት ቆርጫለሁ። አባዬ ጎረቤት ጸባየኛ ፈረስ አለ ብለውኛል። ሄልሜቴን ይዤ እሄዳለሁ።