ተሳቢ ቤት ሲገዛ መጀመሪያ ጣራው ይታያል

አሜሪካ ውስጥ ተሳቢ ቤት፣ ማለትም በመኪና እየተጎተተ ለሽርሽር የሚኬድበትን ቤት፣ ለመግዛት ወደ ሻጭ ግቢ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሶፋውን፣ ቀጥሎ ወጥ ቤቱን፣ ከዚያም አልጋውን ነው። ሻጩም የሚያሳየው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ለቤተሰቤ ተሳቢ ቤት ሳፈላልግ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። የቤቱ ጥራት የሚታወቀው ከጣራው ላይና ከወለሉ ሥር ነው፤ የሻጩ ታማኝነት ደግሞ ከሕንፃው ጀርባ ባለው የጥገና ግቢ ውስጥ።

በስም ላይ ብዙ አልተጨነቅሁም። በአገሪቱ ከሚሠሩት ተሳቢ ቤቶች አብዛኞቹ የሚወጡት ከሰሜን ኢንዲያና፣ በተለይ ከኤልክሃርትና ከአካባቢዋ ነው። በየግቢው የሚደረደረው ስም ብዙ ቢሆንም ባለቤቶቹ ጥቂት ናቸው። ቶር ኢንዱስትሪስ ኤርስትሪምን በ1980፣ ኪስቶንን በ2001፣ ጄይኮን በ2016 ጠቅልሏል። ፎረስት ሪቨር ከ2005 ጀምሮ የዋረን በፌት ኩባንያ የበርክሻየር ሃታዌይ ንብረት ነው። ግራንድ ዲዛይን በ2016 በዊኔቤጎ ኩባንያ ተገዝቷል። ሻንሲው፣ አክስሉ፣ መስኮቱና ፍሪጁ ደግሞ ለሁሉም የሚመጡት ከተወሰኑ አቅራቢዎች ነው። ስለዚህ ሁለት ሻጮች «የእኔ ከእሱ ይሻላል» ብለው ሲከራከሩ፣ ሁለቱም የሚሸጡት በአንድ ዓይነት ሻንሲ ላይ የቆመ ቤት ሊሆን ይችላል። ጠቃሚው ጥያቄ «ማን ሠራው?» ሳይሆን «ግድግዳው ከምን ተሠራ?» የሚለው ነው።

ግድግዳው ሦስት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ርካሹ የእንጨት ማገር ላይ ቆርቆሮ የተመታበት ነው። ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ አልንቀውም፤ ሲበላሽ ቆርቆሮውን ነቅሎ እንጨቱን መቀየር ይቻላል። ሁለተኛው በአልሙኒየም ማገር ላይ ስፖንጅና ፋይበርግላስ ተጣብቆ የሚሠራው ለስላሳ ግድግዳ ነው። ያምራል፤ ነገር ግን ከፋይበርግላሱ ጀርባ ያለው ስስ ኮምፔንሳቶ ከሆነ፣ ውኃ አንዴ ከገባበት ሙጫው ይለቅና ግድግዳው ያብጣል። ያን ጊዜ የጥገናው ዋጋ ከቤቱ ዋጋ ጋር ይፎካከራል። አንዳንድ አምራቾች በኮምፔንሳቶው ፋንታ አዝዴል የሚባል እንጨት የሌለበት ሉህ ይጠቀማሉ። ሦስተኛው ጀልባ በሚሠራበት ዘዴ በቅርጽ የሚፈስ ፋይበርግላስ ነው፤ መጋጠሚያው ጥቂት ስለሆነ ውኃ የሚገባበት ቀዳዳም ጥቂት ነው። ካሲታና ስካምፕ የዚህ ዓይነት ናቸው፤ ከፋብሪካ በቀጥታ ስለሚሸጡም ከሻጭ ጣጣ ያድናሉ። ለእኛ ግን ጠበቡን፤ ልጆቹ አድገዋል። ስለዚህ ሁለተኛውን ዓይነት፣ ያውም እንጨት የሌለበትን፣ መፈለግ ጀመርኩ።

የተሳቢ ቤት ጠላት ውኃ ነው። መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ መጋጠሚያው ሁሉ ይላወሳል፤ የጣራው ማሸጊያ ይሰነጠቃል፤ ዝናቡም መንገዱን ያገኛል። ስለዚህ በሄድኩበት ግቢ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው መሰላል ነበር። አንዱ ሻጭ «ኢንሹራንሳችን አይፈቅድም» ብሎ ወደ ሶፋው መለሰኝ። ሌላው ግቢ ውስጥም ኢንሹራንሱ አልፈቀደም፤ ነገር ግን መካኒኩ ራሱ ወጥቶ በየመተንፈሻው፣ በአየር ማቀዝቀዣውና በጠርዙ ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ በስልኩ ቀርጾ አሳየኝ። ሁለቱ ሰዎች የጠቀሱት ሕግ አንድ ነው፤ እኔ ግን ስለ ሁለቱ ድርጅቶች የሚያስፈልገኝን ያህል አወቅሁ።

ከጣራው ቀጥሎ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይዤ ማዕዘኖቹን፣ የመስኮት ሥሮችንና ቤቱ ሲቆም ወደ ውጭ የሚንሸራተተው ክፍል የሚገጥምበትን ጠርዝ እፈትሻለሁ። በሩ ሥርና መታጠቢያው አጠገብ ወለሉን በእግሬ እጫናለሁ፤ ከረገበ ሌላውን ማየት አያስፈልግም። የጎማውንም ዕድሜ አነባለሁ። ጎማው ላይ ካለው ረጅም ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 1423 ማለት በ2023 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አዲስ የሚባል ቤት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲጠጣ የከረመ ጎማ ይዞ ሊሸጥ ይችላል። በሩ አጠገብ የተለጠፈችውን የአምራቾች ማኅበር ምልክት ሻጮች እንደ ጥራት ምስክር ይጠቅሷታል፤ ምልክቷ የምትመለከተው የኤሌክትሪክ፣ የጋዝ፣ የውኃ መስመርና የእሳት ደኅንነት ደንብን እንጂ ቁምሳጥኑ ቀጥ ብሎ መገጠሙን አይደለም።

ስለ ክብደት ያስተማረኝ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነ የአገሬ ሰው ነው። «አንተ፣ የማስታወቂያውን ቁጥር ተወው፤ የሾፌሩን በር ክፈትና ወረቀቱን አንብብ» አለኝ። ማስታወቂያው የእኔ ፒካፕ 7,500 ፓውንድ ይጎትታል ይላል። በሩ ላይ ያለው ተለጣፊ ግን መኪናው ራሱ ሊሸከም የሚችለው ሰውና ዕቃ ከ1,400 ፓውንድ እንዳያልፍ ያስጠነቅቃል። ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው ላይ ያርፋል፤ የሚሸከመው መኪናው ነውና ከ1,400ው ይቀነሳል። ተሳቢው ተጭኖ 6,000 ፓውንድ ከሆነ፣ ጋንቾው ላይ ከ600 እስከ 900 ይወርዳል ማለት ነው። በዚያ ላይ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቹ፣ የቡናው ዕቃና የጤፍ ከረጢት ሲጨመሩ ቁጥሩ ያልቃል። ውኃውም አይረሳ። እኛ አዘውትረን የምንሄደው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ የፓርኩ የማደሪያ ሥፍራዎች ለተሳቢ የሚቀጠል የውኃና የኤሌክትሪክ መስመር የላቸውም። ስለዚህ ታንከሩን ሞልቶ መጓዝ ያሻል፤ 40 ጋሎን ውኃ ብቻውን ወደ 334 ፓውንድ ይመዝናል። በዚያው ፓርክ የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ስለሆነ፣ ሜትር ይዤ ከመሬት እስከ ማቀዝቀዣው ጫፍ ለካሁ። ሻጩ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ።

መስመር ባለበት ሥፍራ ስናድር ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። የ30 አምፒር መስመር 3,600 ዋት ይሰጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የአየር ማቀዝቀዣና የውኃ ማሞቂያ በአንድ ጊዜ ከተከፈቱ ማቋረጫው (ብሬከሩ) መስመሩን ይዘጋል። እንጀራ ሲጋገር ማቀዝቀዣው ያርፋል፤ ባለቤቴ ይህን ሕግ ያጸደቀችው ቤቱን ከመግዛታችን በፊት ነው።

ወደ ሻጭ እንመለስ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኸርሺ ከተማ በየመስከረሙ በሚደረገው ትልቅ የተሳቢ ቤት ትርኢት የብዙ አምራች ሥራ በአንድ ቦታ ማነጻጸር ስለሚቻል፣ ለመግዛት ሳይሆን ለማየት ሄድኩ። ለመግዛት ግን የፈለግሁት ከቤቴ ብዙ የማይርቅ ሻጭ ነው። ዋስትና የሚሰጠው አምራቹ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት። ጥገናውን የሚያከናውነው ግን ሻጩ ነው፤ ብዙ ሻጮችም ከእነሱ የገዛውን ደንበኛ ያስቀድማሉ። ፍሪጁና አክስሉ ደግሞ የየራሳቸው አምራች ዋስትና አላቸው፤ አንዱ ወደ ሌላው ሲያመላክት መሐል ቆሞ ስልክ የሚደውል ሰው ያስፈልጋል። ብልሹ መኪና የገዛን ሰው የሚጠብቀው ሕግም በብዙ ግዛቶች ተሳቢ ቤትን አይሸፍንም፤ ወይም የሚሸፍነው በከፊል ነው። ለሺህ ዶላር ቅናሽ ብዬ ሁለት ግዛት አቋርጬ ያልገዛሁት ለዚህ ነው።

ቅዳሜ የሽያጭ ቀን ስለሆነ በሥራ ቀን ማለዳ ሄድኩ፤ በሽያጭ ክፍሉ ሳይሆን በጥገናው በር ገባሁ። ስንት ተሳቢ ጣራው ላይ ሸራ ለብሶ ዕቃ እንደሚጠብቅ ተመለከትኩ። ቤታቸውን ሊረከቡ የመጡ ባለቤቶችን አነጋገርኩ፤ ሰው የሻጩን ክፉና ደግ ሳይሸሽግ የሚናገረው እዚያ በር ላይ ሲጠብቅ ነው። ከዚያ ጥገና ተቀባይዋን «ዛሬ ብታመም መቼ ታክሙኛላችሁ?» አልኳት። ያ መካኒኩ ጣራ ላይ የወጣበት ግቢ ውስጥ የቀጠሮ መዝገቡን ከፍታ አሳየችኝ። መልሱ አጭር አልነበረም፤ ግን እውነት ነበር።

ዋጋውን በተመለከተ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ግብሩ፣ የሰሌዳው፣ የሰነዱና የማዘጋጃው ክፍያ ሁሉ ተደምሮ የመጨረሻው ድምር በጽሑፍ ይላክልኝ። «ቢሮ ና እንነጋገር» ያሉኝን ተውኩ። ብድሩን አስቀድሜ ከቁጠባና ብድር ማኅበር አስፈቅጄ ስለሄድኩ፣ በመጨረሻ በሚያስገቡት የፋይናንስ ክፍል ውስጥ የሚቀርበውን የተራዘመ ዋስትና፣ የጎማ መድንና የቀለም መከላከያ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ብሎ ማለፍ ቀለለኝ። የ15 እና የ20 ዓመት ብድርም አቅርበውልኛል፤ ወርኃዊው ክፍያ ያጓጓል፤ ነገር ግን የቤቱ ዋጋ ከዕዳው ፈጥኖ ይወርዳል።

ቀብዱን ስከፍል ደረሰኙ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር አስጻፍኩ፦ ገለልተኛ ፈታሽ አይቶ የሚያገኘው ጉድለት ካልተስተካከለ ቀብዱ ይመለሳል። ፈታሹ ጥቂት መቶ ዶላር አስከፍሎ ጋዙን በግፊት ለካ፣ ውኃ ሞልቶ ፓምፑን አስነሳ፣ ፍሬኑንና መብራቱን ሞከረ። ከወጥ ቤቱ ገንዳ ሥር የምትንጠባጠብ ቧንቧና ጣራው ላይ ማሸጊያ የጎደለው መተንፈሻ አገኘ። ሻጩ ሁለቱንም አስተካክሎ ፎቶግራፍ ላከልኝ፤ ከዚያ በኋላ ፈረምኩ።

የዋስትናው ዓመት ሊያልቅ ሲል የቀረውን ጉድለት ሁሉ በኢሜይል ጻፍኩ፤ ቀኑ እንዲመዘገብ ነው። የመስኮት ላስቲክና የፍሪጁ መቆጣጠሪያ ካርድ ተቀየሩ፤ ከፍሪጁ አምራች ጋር የተሟገቱት የሻጩ ሰዎች ናቸው። ጣራውን በየወቅቱ አጥቤ የምፈትሸው ራሴ ነኝ። ለመጠገን ሲሊኮን አልጠቀምም፤ የጣራውን ሽፋን አይዝም፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ማሸጊያ ያባርራል። አሁን የቀረው የጎማዎቹን ኩሽኔታ አውጥቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ነው፤ ቀጠሮ የያዝኩትም እዚያው ግቢ ነው።