በአንድ ፈረስ ሃያ ባለቤት፦ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ያሰባሰብንበት መንገድ

እንግሊዝ አገር የሩጫ ፈረስ በጋራ መግዛት የተለመደ ነው፤ ሲንዲኬት ይሉታል። እኛም ሃያ ሆነን አንድ የመሰናክል ሩጫ ፈረስ ገዛን፤ በዚያው ሰበብ ለካንሰር በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ አሰባሰብን። እዚህ የማሰፍረው ሂሳቡን፣ ወረቀቱንና የተሳሳትንባቸውን ቦታዎች ነው።

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስላል። ፈረሱ ሰው ይሰበስባል፤ ገንዘቡን የሚያመጣው ግን የተሰበሰበው ሰው ነው። የድርጅቱን ድርሻ ከሽልማት የሚጠብቅ ባዶ እጁን ይቀራል። የዌልሱን ድሪም አሊያንስን ተመልከቱ። 23 የመንደር ሰዎች በሳምንት አሥር አሥር ፓውንድ እያዋጡ ያሳደጉት ፈረስ እ.ኤ.አ. በ2009 ቼፕስቶው ሜዳ ላይ ዌልሽ ናሽናል የተባለውን ትልቅ የመሰናክል ሩጫ አሸነፈ። በሩጫ ዘመኑ ያገኘው ከ138,000 ፓውንድ በላይ ነው። ወጪው ተቀናንሶ ለእያንዳንዱ አባል የደረሰው ግን 1,430 ፓውንድ ብቻ ነበር። ይህ እንግዲህ ከሺህ አንዱ ፈረስ ነው። እቁብ የገባ ሰው ያስገባውን ይቀበላል፤ ፈረስ ላይ የገባ ገንዘብ እንደወጣ ይቆጠር። ለአባሎቻችን ይህንን በመጀመሪያው ስብሰባ በግልጽ ነገርናቸው። ድርሻን እንደ ኢንቨስትመንት ማስተዋወቅ ደግሞ በእንግሊዝ የፋይናንስ ሕግ ችግር ውስጥ ይከታል፤ ማስታወቂያችሁ ላይ "ትርፍ" የሚል ቃል አይግባ።

ፈረስ ከመፈለጋችሁ በፊት ድርጅቱን ጠይቁ። ሩጫና ካንሰር በእንግሊዝ የቆየ ትስስር አላቸው። ጋላቢው ቦብ ቻምፒየን እ.ኤ.አ. በ1979 የዘር ፍሬ ካንሰር ተገኘበትና ከሕክምናው ተነስቶ በ1981 አልዳኒቲ በተባለ ፈረስ ላይ ግራንድ ናሽናል የተባለውን ዝነኛ የመሰናክል ሩጫ አሸነፈ፤ በስሙ የሚጠራው የካንሰር መርጃ ተቋምም በ1983 ተቋቋመ። ይህ ማለት ግን በር ሁሉ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ከውርርድና ከእንስሳት ደህንነት ጋር ስማቸው እንዳይያያዝ የሚጠነቀቁ ድርጅቶች አሉ፤ የቦርድ ውሳኔ ሊያስፈልግ ስለሚችልም መልሱ ይዘገያል። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ስማቸውን ወይም ዓርማቸውን በፈረሱ ልብስ ላይ አትስፉ። "ከእያንዳንዱ ድርሻ ይህን ያህል ለእገሌ ድርጅት" ብሎ መሸጥ ደግሞ በ1992ቱ የበጎ አድራጎት ሕግ መሠረት ከድርጅቱ ጋር የጽሑፍ ውል ሊጠይቅ ይችላል፤ መጠኑም ቁርጥ ብሎ መገለጽ አለበት። "የገቢው ከፊል" የሚባል ነገር አይሠራም።

ሂሳቡ እንዲህ ነበር። ዳማ ሰንጋ ፈረስ በ12,000 ጊኒ ገዛን። ኒውማርኬት ታተርሶልስ ጨረታ ላይ ዛሬም በጊኒ ነው የሚጠራው፤ አንድ ጊኒ 1 ፓውንድ ከ5 ፔንስ ስለሆነ 12,600 ፓውንድ ይመጣል። 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲገባ 15,120። ይህቺን አምስት ፔንስ የረሳ ሰው ጨረታው ላይ እጁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ሳያውቀው ከበጀቱ ያልፋል።

የአሰልጣኝ ክፍያ በቀን 60 ፓውንድ፣ ከታክስ ጋር 72። ለ275 ቀን 19,800 ፓውንድ ነው። ቀሪዎቹን 90 ቀናት ሣር መስክ ላይ ያርፋል፤ በቀን 30 ሲታሰብ 2,700። ለጫማ 1,500፣ ለእንስሳት ሐኪም 2,500፣ ለስድስት ሩጫ መግቢያ፣ ጋላቢና ማጓጓዣ 3,600፣ ለምዝገባና ለኢንሹራንስ 1,200። ድምሩ 31,300 ሲሆን፣ 2,700 ፓውንድ መጠባበቂያ ጨምረን 34,000 አደረግነው። ለሃያ ሲካፈል 1,700። የመግዣው ድርሻ 756 ስለሆነ የመጀመሪያው ዓመት የአንድ ሰው ክፍያ 2,456 ነው፤ 2,460 ብለን አጠጋጋነው። ለሩጫ ፈረስ ባለቤቶች ታክሱን የሚያስመልስ አሠራር አለ፤ ስፖንሰርና የንግድ መዝገብ ስለሚጠይቅ እኛ ይመለሳል ብለን አላሰብንም። ከተመለሰ ጉርሻ ነው።

ትልቁ ስህተታችን የድርጅቱ ገንዘብ ላይ ነበር። መጀመሪያ በድርሻው ዋጋ ላይ 300 ፓውንድ ጨምረን አንድ ላይ ልንሰበስብ አስበን ነበር። ሰነዱን ያየ የሒሳብ ባለሙያ አቆመን። በእንግሊዝ አንድ ግብር ከፋይ በበጎ ፈቃዱ ለበጎ አድራጎት ሲሰጥ፣ መንግሥት በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ይጨምራል፤ ጊፍት ኤይድ ይባላል። ነገር ግን ድርሻ ለማግኘት የግድ የሚከፈል ገንዘብ ስጦታ ሳይሆን ግዢ ነው፤ ጭማሪው አይገኝም። ስለዚህ ሁለቱን ለየናቸው። ድርሻው 2,460፤ ስጦታው የ300 ፓውንድ ጥቆማ ብቻ፣ አባሉ ራሱ በድርጅቱ ቅጽ በቀጥታ የሚከፍለው። ያልሰጠም ሰው ያው ድርሻ፣ ያው መብት አለው፤ ይህ ካልሆነ "በፈቃድ" የሚለው ቃል ውሸት ይሆናል። 300 የሰጠ ሰው ለድርጅቱ 375 ያደርሳል። ሃያውም ቢሰጡ 7,500 ፓውንድ ነው።

ከዚህ ጋር የሽልማቱን አወዳድሩ። በትንሽ ሜዳ ላይ የዝቅተኛ ደረጃ ሩጫ አሸናፊ 4,000 ፓውንድ ገደማ ያገኛል እንበል። የአሰልጣኙ፣ የጋላቢውና የጋጣ ሠራተኞቹ ሲነሳ 3,200 ቢቀር፣ አሥር በመቶው ለድርጅቱ ሲሰጥ 320 ነው። ቃል ግቡት፤ ደስ ይላል፤ እቅድ ግን አይሆንም።

ሃያው ድርሻ ሳይሸጥ ጨረታ አትሂዱ። ካልሆነም ቢያንስ አሥራ ስድስቱ ተከፍሎበት ይሁን፤ ያልተሸጠው ድርሻ ወርኃዊ ሂሳብ በአስተባባሪው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ጨረታው ላይ መዶሻው በወደቀባት ቅጽበት ኃላፊነቱ ወደ ገዢው ይዞራል። ስለዚህ የራሳችሁ ሐኪም ፈረሱን ከጨረታው በፊት ይይ፤ በተለይ አተነፋፈሱን። የግራ ማንቁርት ነርቭ የደከመበት ፈረስ ሲጋልብ ያፏጫል፣ ያጓራል፤ ቆሞ ግን ምንም አይታይበትም። ኢንሹራንሱም ፈረሱ ከግቢው ሳይወጣ ይጀምር።

ስም ማውጣት ቀላል ይመስላል። የፈረስ ስም ክፍተትን ጨምሮ ከ18 ፊደል አይበልጥም፤ የተያዘና የተጠበቀ ስምም አይፈቀድም። ጌታውን በፈረሱ ስም፣ አባ ዳኘው፣ አባ ታጠቅ እያለ ለሚጠራ ሕዝብ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ ሆኖም ሃያ ሰው ስም ላይ ሲከራከር ወር ይፈጃል። ሦስት ስም ለይታችሁ ድምፅ አሰጡ፣ አበቃ።

ዋናው ነገር እግር ነው። ባልደራሷ በየጠዋቱ ኮርቻ ከመጫኗ በፊት የፊት እግሮቹን ከጉልበት በታች በእጇ ጀርባ ትዳስሳለች፤ አንዱን ነክታ ወዲያው ሌላውን። የምትፈልገው ሙቀትን ነው። አንድ ጠዋት ግራው ሞቆ ተገኘ፤ ከኋላው በኩል የጣት ውፍረት የምታህል እብጠት ነበረች። ፈረሱ አላነከሰም፣ ገብሱንም ጨርሶ በልቷል። አልትራሳውንድ ሲታይ የጅማቱ ክሮች ተበጥሰዋል። ጅማቱ በግልቢያ ጊዜ እስከ አቅሙ ጫፍ ስለሚለጠጥ ጥቃቅን ጉዳቱ ሳይታይ ይጠራቀማል፤ በዚያ ላይ ደም በብዛት ስለማይደርሰው ሲጠገን ቀርፋፋ ነው። ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት ዕረፍት ማለት ነው። በዚያን ቀን ቢጋለብ ኖሮ ምናልባት ፈጽሞ ባልተመለሰ።

ውላችን ፈተናውን ያየው እዚህ ላይ ነው። አባላት የማይሮጥ ፈረስ ይቀልባሉ፤ ሁለት ሰዎች በየካቲት ክፍያ አቆሙ። በየወሩ መሰብሰባችን ጥፋት ነበር። አሁን የዓመቱን አስቀድመን እንቀበላለን፤ ያ ለከበደው የሦስት ወር መያዣ ያስቀምጣል። ገንዘቡ በተለየ የባንክ ሂሳብ ይቀመጣል፤ የሁለት ሰው ፊርማ ያንቀሳቅሰዋል፤ መግለጫው በየሩብ ዓመቱ ለሁሉም ይላካል። ለመሸጥ፣ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ወይም ጡረታ ለማስወጣት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ሕመሙ የማይሻልበት አስቸኳይ ጊዜ ሲመጣ ግን ሐኪሙ ፈረሱን ከስቃዩ ለማሳረፍ ድምፅ አይጠብቅም፤ ይህም በውሉ ተጽፏል።

ፈረሱ ሲተኛ መዋጮው እንዳይተኛ የጋጣ ጉብኝትና የእራት ምሽት አዘጋጀን። ዕጣ የምታወጡ ከሆነ ቲኬቱ በዝግጅቱ ላይ ብቻ ሲሸጥ ምዝገባ አይጠይቅም፤ አስቀድሞ ለሕዝብ የሚሸጥ ከሆነ በአካባቢው ምክር ቤት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ክፍያው 40 ፓውንድ ነው። የፈረስ ድርሻን ለዕጣ ሽልማት አታድርጉ፤ ባለዕድሉ የሚወርሰው ወርኃዊ ሂሳብ ነው። የጠዋት ልምምድ ከአሰልጣኙ ጋር ቆሞ ማየት የሚለው ሽልማት ምንም አላስወጣንም፤ ከሁሉም በላይ የተሻሙት ግን እሱን ነው።

የሩጫ ቀን ሌላ ቅሬታ አለው። ሜዳው ለባለቤቶች የሚሰጠው ባጅ ውሱን ነው፤ ለሃያ ሰው አይበቃም። ተራ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ከመጀመሪያው ይውጣ። መሬቱ ሲጠነክር ፈረሱ በሩጫው ጠዋት ከውድድሩ ሊወጣ ስለሚችል የማይመለስ የባቡር ቲኬት ቀደም ብላችሁ አትቁረጡ።

የመጨረሻው አንቀጽ ጡረታው ላይ ነው። ከሩጫ የወጡ ፈረሶችን ለሌላ ሥራ የሚያሰለጥን ሪትሬይኒንግ ኦፍ ሬስሆርስስ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አለ። ከመጠባበቂያችን 1,000 ፓውንድ ለዚህ ተቆልፏል፤ አባላት ቢበተኑ እንኳ አይከፋፈሉትም።