መብራቱን ጠርጥሬ ራሙን ዘነጋሁ

2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ቤታቸው ሆነው የሱቆችን ሒሳብ የሚሠሩ እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እየሠራሁ ኮምፒውተሩ ድንገት ሰማያዊ ይሆንና ይጠፋብኛል» አሉ። ያኔ የደረጃ «ለ» ነጋዴዎች ግብር የሚያሳውቁት በሐምሌና በነሐሴ ስለነበር ፋታ አልነበራቸውም።

ኬዙን ሳልከፍት ፈረድኩ። ሰፈሩ ላይ መብራት ሄድ መጣ ይላል፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ (ዩፒኤስ) የላቸውም፤ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል ማለት ነው አልኩ። ፋይላቸውን ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ፣ ፎርማት አደረግኩ፣ ዊንዶውስ ጫንኩ፣ ፋይሉን መለስኩና ወረድኩ።

በሦስተኛው ቀን እንደገና ደወሉ።

አሁን ምንም ሳልነካ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሲጠፋ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ቀጥሎ ሌላ ጽሑፍ፣ ከዚያም ሌላ። ጥፋቱ የአንድ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ያው ስህተት ይደጋገማል። እንዲህ መልኩን ሲቀያይር ግን ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ዳታ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ፣ ይጠረጠራል፤ የተበላሸችው ቦታ ላይ አንዴ የዊንዶውሱ፣ አንዴ የኤክሴሉ ዳታ ያርፍባታላ።

ሁለት ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር 3 ራም ተሰክቷል፤ አንዱ በኋላ የተጨመረ ነው። ነቅዬ ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ ጠረግኩ፤ ላጲሱ ጠቆረ። ብዙ ማሽን በዚህ ብቻ ይድናል፤ ይሄ አልዳነም። ሜምቴስት 86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነስቼ አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። ሰዓታት ይፈጃል፤ እትዬም ቡና አፈሉ። አሮጌው ንጹሕ ሆነ። የተጨመረው ላይ ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቀይ መስመር ይደረደር ጀመር። የተሰካበት ስሎት እንዳይሆን ብዬ ቦታ ቀየርኩለት፤ ስህተቱም ራሙን ተከትሎ ሄደ።

ያመመኝ ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው። ፋይል ሲገለበጥ በራም በኩል ያልፋል፤ እኔ ደግሞ የእትዬን ሥራ ሁሉ በዚያ በታመመ ራም ነበር ያሳለፍኩት። ሁለት የኤክሴል ፋይሎች አልከፈት አሉ። ዋናው ቅጂ በእኔው ፎርማት ጠፍቷል። ራሙን መጀመሪያ ብፈትሸው ኖሮ ሁለቱም በቦታቸው ይገኙ ነበር።

ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ከአልጋው ሥር የደረሰኞች ካርቶን ጎተቱና «በል እኔ ላንብብ፣ አንተ ጻፍ» አሉኝ።

በጤነኛው ራም ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንኩት፤ በታመመው የተጫነ አይታመንም። ከዚያ ሁለት ምሽት አብረን ተቀመጥን። የካሽ ሬጅስተሩ ወረቀት ቀለሙ ለቋል። እትዬ እያንዳንዱን ወደ አምፖሉ ቀና አድርገው ያዩና «ይቺ ስድስት ናት ስምንት? እስቲ ያንተ ዓይን ይየው» ይሉኛል።