ሰው የሌለበት የምርጫ ክልል

ዛሬ እንግሊዝ ሳልዝበሪ ከተማ አጠገብ ያለውን ኦልድ ሳረም የሚባል የድሮ ከተማ ፍርስራሽ አይቼ መጣሁ። ነፋሱ አይጣል ነው! ሣር፣ ጥልቅ ቦይ፣ የፈረሰ ግንብ። ከድሮው ካቴድራል የቀረው መሠረቱ ነው፤ ሣሩ መሃል ተሰምሮ ይታያል። እሱ ላይ አንድ ልጅ ኳስ ይጠልዛል።

እንግዲህ ይህ ባዶ ኮረብታ እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለት የፓርላማ አባላት ይልክ ነበር። ሁለት! ያኔ ማንቸስተር ሕዝቧ ከ100,000 አልፎ፣ በፋብሪካ ጢስ ታፍና፣ አንድም የራሷ ተወካይ አልነበራትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1220 አዲሱ ካቴድራል ታች ሜዳው ላይ ሲጀመር ሕዝቡም ቀስ በቀስ ወረደ። የመምረጥ መብቱ ግን እላይ ቀረ። መብቱ የተያያዘው ከሰው ጋር ሳይሆን ከጥቂት ቁራሽ መሬቶች ጋር ነበራ። ምርጫ ሲደርስ ባለርስቱ ቁራሾቹን ለጊዜው በወዳጆቹ ስም ያዞራል። እነሱም እሱ ያለውን ይመርጣሉ። አለቀ። ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ በይፋ ነው፤ ማን ደፍሮ ያፈነግጣል?

የፒት ቤተሰብ ቦታውን ገዝቶ ይዞት ነበር። ኋላ የመንግሥት መሪ የሆኑት ትልቁ ዊልያም ፒት በ1735 ፓርላማ የገቡት በዚሁ ኮረብታ ስም ነው። የሚያስቀው፣ በስተኋላ እንዲህ ያሉትን ክልሎች የሕገ መንግሥቱ የበሰበሰ ክፍል ያሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከገቡ በኋላ ማለት ነው እንግዲህ!

በ1832ቱ የምርጫ ማሻሻያ ሕግ ኦልድ ሳረም ከሌሎች 55 ክልሎች ጋር ተሰረዘ።

ስወጣ ልጁ ኳሱን ቦይ ውስጥ ከቶ አባቱን ይጣራ ነበር።