አንድ መስመር ለአራት ቤት፦ ኢንተርኔት ከጎረቤት ጋር እንዴት እንደተካፈልን

በእኛ ኮንዶሚኒየም አንድ ደረጃ የምንጠቀም አራት ቤቶች ኢንተርኔታችን አንድ ነው። መስመሩ በእኔ ስም የገባ ባለ 20 ሜጋ ፋይበር ነው፤ ክፍያውን እኩል እናዋጣለን። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አይንቀራፈፍም እንዴ?» ብሎ ነው። አይንቀራፈፍም። ግን ፓስወርድ ሰጥቶ መቀመጥ ብቻ አይበቃም።

የሕጉን ነገር ቶሎ ልበለውና ልለፈው። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የቴሌኮም አገልግሎት ለሕዝብ መስጠት ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ከጎረቤት አተርፋለሁ የሚል ሰው ሐሳቡን ከጅምሩ ቢተወው ይሻላል። የእኛ መዋጮ ነው። ደረሰኙ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ይለጠፋል፣ ለአራት ይካፈላል፣ አለቀ። እንደዚያም ሆኖ ውላችሁን አንብቡ፤ ማካፈልን የሚከለክል ከሆነ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ሌላው፣ በመስመሩ ጥፋት ቢሠራ መጀመሪያ የሚጠራው ስም የእናንተ ነው። እኔ እነዚህን ሰዎች ለዓመታት አውቃቸዋለሁ። የማላውቀውን ሰው አላስገባም።

እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። እማማ ምድር ቤት ናቸው፣ ተማሪው አራተኛ ፎቅ፣ ባልና ሚስቱ ደግሞ ከእኔ ፊት ለፊት። ዋይፋይ የብሎኬት ግድግዳን እንደምንም ያልፋል። ብረት የታሰረበት ሶሌታ ሲገጥመው ግን ይደክማል፤ በተለይ 5 ጊጋሄርትዝ የሚባለው ፈጣኑ የዋይፋይ ሞገድ። የሱቁ ልጅ «ሪፒተር ውሰድ፣ ችግርህ ይፈታል» አለኝ። አልወሰድኩም። ርካሹ ሪፒተር ሲግናሉን የሚቀበለውም የሚያስተላልፈውም በዚያው ሞገድ ስለሆነ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። እኔ የመረጥኩት ኬብል መዘርጋት ነው።

ኬብሉን መርካቶ ስትገዙ ቢላ ያዙ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። ከውስጥ ካሉት ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱን ልጣችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ሲፋቅ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው፤ መዳቡ ላዩን የተቀባ ብቻ። ቀይነቱ ካልለቀቀ እውነተኛ መዳብ ነው። አልሙኒየሙ ርካሽ ነው፣ ግን ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበትም ይሞቃል። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፤ ለአንድ ደረጃ ይተርፋል። በፕላስቲክ ቱቦ አስገብተን በደረጃው ጥግ አወረድነው። ከብሎክ ወደ ብሎክ በአየር ላይ መወጠርን ግን አልመክርም። በክረምት መብረቅ ባይመታው እንኳን በአካባቢው ሲወድቅ ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል።

ኤሌክትሪክ ማለፉን ያነሳሁት በምክንያት ነው። መብራት ሲጠፋ የሁላችንም ስለሚጠፋ፣ እኔ ቤት ያለው ራውተር በባትሪ ቢሠራ እማማ ቤት ያለው ዋይፋይ የሚያሰራጨው ሳጥን ከሞተ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ የዋይፋይ ሳጥኖቹ መብራታቸውን በዚያው በኔትወርክ ኬብል ከእኔ ቤት ያገኛሉ። ባትሪው አንድ ነው፣ የሚሞላውም እኔ ጋ ነው። ስትገዙ የሳጥኑና መብራቱን ወደ ኬብሉ የሚያስገባው መጋቢ ቮልት አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። ባለ 24ም ባለ 48ም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኢንተርኔት የሚያጨናንቀው ብዙ ጊዜ ቪዲዮ የሚያየው ሰው አይደለም። ጥሩ ጥራት ያለው ዩቲዩብ 5 ሜጋ ገደማ ቢወስድ ነው። ጉዱ ያለው ከእኛ ወደ ውጭ በሚላከው በኩል ነው። አንድ ሰው ከሠርግ ይመጣና ስልኩ ፎቶና ቪዲዮውን ሁሉ ወደ ክላውድ መጫን ይጀምራል። ወደ ውጭ የሚሄደው መንገድ ይሞላል። ያን ጊዜ የእማማ ልጅ ከቤሩት በቪዲዮ እያወራች ፊቷ ስክሪኑ ላይ ይደርቃል። ስልኩ የተቀመጠበት ቤት ደግሞ ምንም አያውቅም።

መፍትሔው ቤት ለቤት ልክ ማበጀት ነው። እኔ የገዛሁት ማይክሮቲክ የሚባል አነስተኛ ራውተር ነው፤ ብዙ ተራ ራውተሮችም ይህን ማስተካከያ በመጠኑ አላቸው። ጠቅላላውን ከ20 ወደ 18 ሜጋ አወረድኩት። ሁለት ሜጋ የጣልኩ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን የዳታው ወረፋ ኢንተርኔት አቅራቢው ጋ ሳይሆን እኔ በምቆጣጠረው ራውተር ላይ እንዲያዝ የሚያደርገው ያ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቤት 4.5 ሜጋ የማይነካ ድርሻ ሰጠሁት። ሌሎቹ ካልተጠቀሙ እስከ 18 መውሰድ ይችላል። ሌሊት ተማሪው ብቻውን ሲያወርድ ሙሉውን ያገኛል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ሲገባ ማንም ከድርሻው በታች አይወርድም። ወደ ውጭ የሚላከውንም እንደዚሁ ከፋፈልኩት።

ሳላስበው ይህ የፓስወርዱን ጣጣም አበረደው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ፓስወርድ አለው። የባልና ሚስቱ ልጅ ለሰፈር ጓደኞቹ ቢሰጥ የሚበላው የራሳቸውን ድርሻ ነው። አንድ ቅዳሜ ደረጃው ላይ ተደርድረው ቲክቶክ ሲያዩ አባትየው ኳሱ እየተቆራረጠበት ወጣና በተናቸው። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ቤቶቹንም በኔትወርክ መለየት ያስፈልጋል። ሁሉም አንድ ላይ ከሆነ የአንዱ ቲቪ ለሌላው ስልክ ይታያል። ከመለያየቴ በፊት እኛ ዜና እያየን ቲቪያችን በድንገት ወደ ልጆች ካርቱን ዞረ። ከፊት ለፊት ያለችው ትንሿ ልጅ የሕፃናት መዝሙሯን የላከችው እኛ ሳሎን ነበር። እንደዚያ ሲሆን ያስቃል። የኮምፒውተር ፋይል ሲሆን ግን አያስቅም።

ከቴክኒኩ ይልቅ የከበደኝ ገንዘቡ ነው። አንድ ቤት ክፍያ ሲያሳልፍ ምን ይደረጋል? ላቋርጥበት? በጠዋት ደረጃው ላይ ስንገናኝ ምን ልለው ነው? ይሉኝታ ያዘኝ። ዝም ስል ደግሞ የከፈሉት ማጉረምረም ጀመሩ። በመጨረሻ ሰብሳቢነቱን ለእማማ ሰጠናቸው። እሳቸው ዕቁብ ሲሰበስቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ወሩ ሳይገባ በቅድሚያ ይሰበሰባል፤ በቴሌብርም በእጅም ይቀበላሉ። ያልከፈለውን ቡና ይጠሩታል። ሁለተኛው ስኒ ላይ «እና የኔ ልጅ፣ የኢንተርኔቷስ?» ይሉታል። እስካሁን ሦስተኛው ስኒ የደረሰ የለም። ራውተሩን የሚነካና ገንዘቡን የሚሰበስብ ሰው አንድ ባይሆን ጥሩ ነው፤ ክፍያ ያዘገየ ሰው ኔት በቀዘቀዘበት ቁጥር «ሆን ብሎ ነው» ማለቱ አይቀርም።

ሌላው የሚሰለቸው በር መንኳኳቱ ነው። ሌሊት አራት ሰዓት «ኔት የለም እንዴ?» የሚል ድምፅ። አሁን ፋይበሩ የሚገባባት ሳጥን ላይ «ሎስ» የምትለዋ መብራት ቀይ ስትሆን ፎቶ አንስቼ ግሩፑ ላይ እለጥፋለሁ። ቀይ ከሆነች መስመሩ ከውጭ ተቋርጧል፣ እኔ የምሠራው ነገር የለም። ፎቶውን ያየ አያንኳኳም። እማማ ቴሌግራም ስለማይከፍቱ ለእሳቸው እደውላለሁ።

ሰሞኑን ከሦስተኛ ፎቅ አምስተኛ ቤት ልግባ ብሎ ጠይቋል። 18 ለአምስት ሲካፈል 3.6 ነው፤ ማታ ላይ ያንሳል። ወደ ትልቁ ፓኬጅ ከፍ ብንልና ለአምስት ብንካፈለው ግን የእያንዳንዱ ቤት ክፍያ አሁን ካለው ብዙም አይርቅም። ተማሪው በደስታ ተስማማ፣ ባልና ሚስቱ እያሰቡበት ነው። እማማ ደግሞ አዲሱ ሰውዬ የሁለት ወር ቀድሞ ካልከፈለ አይገባም ብለዋል።